የጎረቤት ቤት ከደረጃው ላይ ሲታይ



ጎረቤት በሠርግ ጊዜ ዳስ ይጥላል፥ በኀዘን ጊዜ ድንኳን ይተክላል፥ በሕመም ጊዜ አጥሚት ይዞ ይመጣል። አባቶቻችን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ማለታቸው ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን ጎረቤት ሳያውቀውና ሳይፈልገው የሌላውን ቤት ሰላም የሚፈትንበት ጊዜ አለ። ይህን ስንል ስለ ክፉ ጎረቤት መናገራችን አይደለም፤ ስለ እርሱ ብዙ ተብሏል። በዚህ ወር ልንነጋገርበት ያሰብነው፥ ፍጹም መስለው የሚታዩ መልካም ባልና ሚስት ፍቅሩ በቀዘቀዘ ትዳር አጠገብ መኖር ሲጀምሩ በዚያ ትዳር ላይ ስለሚደርሰው ነገር ነው።

ግቢ ባለው ቤት የቤት ገመና በአጥር ይጋረዳል። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት እየተሠሩ እልፍ አእላፍ ቤተ ሰብ ከገባባቸው ወዲህ ግን ኑሮው ሌላ መልክ ይዟል። በኮንዶሚኒየም ጎረቤትን የሚመርጠው ዕጣ ነው። መውጫና መውረጃው ደረጃ አንድ ነው፤ በርና በር ፊት ለፊት ይተያያል፤ የአንዱ ቤት ሳቅና ልቅሶ በስሱ ግድግዳ አልፎ ለሌላው ቤት ይሰማል። ስለዚህ የራሱን ቤት ከጎረቤት ቤት ጋር ማስተያየት ቀድሞም የነበረ የሰው ጠባይ ቢሆን፥ ዛሬ ቀን በቀን የሚቀርብ ፈተና ሆኗል።

ነገሩን ለማስረዳት እንዲመች አንድ ቤተ ሰብ በምሳሌ እናቅርብ። እነዚህ ባልና ሚስት በስም የሚጠሩ ሰዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ታሪካቸውን ያነበበ ሰው ከሚያውቃቸው ቤቶች በአንዱ፥ ምናልባትም በራሱ ቤት ሊያገኛቸው ይችላል።

ባልና ሚስቱ በሥርዓተ ተክሊል ከተጋቡ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ልጆችም አሏቸው። እርሱ የሒሳብ ሠራተኛ፥ እርሷ አስተማሪ ናት። በእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ ካባ ለብሰውና አክሊል ደፍተው የተነሡት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አይደባደቡም፤ አይሰዳደቡም፤ ከዚህ የተነሣ የሚያውቃቸው ሁሉ በሰላም የሚኖሩ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በቤታቸው የሚነገረው ነገር ስለ ዘይት፥ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ መብራት ሒሳብ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ አልፏል። ባልየው አምሽቶ ሲገባ ራቱ ተከድኖ ይጠብቀዋል፤ ብቻውንም ይበላል። ሚስቲቱ ከልጆቹ ጋር አስቀድማ በልታለች። እሑድም ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በየራሳቸው ጊዜ ነው። ይህን ኑሮ ሁለቱም ለምደውታል፤ ልማድ ግን ሕመምን ያስረሳል እንጂ አያድንም።

በመስከረም ወር ከፊት ለፊታቸው ባለው ቤት አዲስ ባልና ሚስት ገቡ። ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ደረጃውን የሚወጣው ባልየው ነው። ማታ ማታ ከቤታቸው የጸሎት ድምፅ፥ ከዚያም የሳቅ ድምፅ ይሰማል። እሑድ ጠዋት ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ሕፃን ልጃቸውን በመካከላቸው አድርገው አብረው ይወርዳሉ። ቡና ባፈሉ ጊዜ ጎረቤት ይጠራሉ። አንድ ወር ሳይሞላ የሕንፃው ሰው ሁሉ አመሰገናቸው፤ ላላገቡት ልጆቻቸው «እንደ እነርሱ ያለ ትዳር ይስጣችሁ» እያሉ የሚመርቁ እናቶችም ተገኙ።

ከዚህ በኋላ በዚያኛው ቤት ነገር ተጀመረ። አንድ ማታ ሚስቲቱ፥ «የጎረቤታችን ባል የሚስቱን ዘንቢል ይይዛል፤ አንተ ግን እኔ በዚህ ደረጃ ጤፍ ተሸክሜ ስወጣ አንድ ቀን ወርደህ ተቀብለኸኝ ታውቃለህ?» አለችው። እርሱም ቀና ሳይል፥ «እርሷ ባሏ ሲገባ በር ድረስ ወጥታ ትቀበለዋለች፤ እኔ ስገባ ግን በዚህ ቤት ማን ቀና ብሎ ያየኛል?» ሲል መለሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቶቹ ሳይጠሩና ሳያውቁ በየማታው ክርክር ምስክር ሆነው ይቀርቡ ጀመር። ሚስት አንድ ነገር በጎደለባት ቍጥር የዚያን ባል ደግነት ትጠቅሳለች፤ ባልም በተቈጣ ቍጥር የዚያችን ሚስት ፈገግታ ያነሣል።

በመስከረም ንግግር የነበረው በኅዳር ጠብ ሆነ፤ በጥር ባልየው መኝታ ለየ። የካቲት ሲገባ ሚስቲቱ ስለ ፍቺ አቤቱታ አጻጻፍ መጠየቅ ጀመረች። የ8 ዓመት ልጃቸው የቤት ሥራዋን እየያዘች ወደ ጎረቤት ቤት መሄድ አበዛች፤ አንድ ቀንም እናቷን፥ «እማዬ፥ እዚያው ባድር ምን አለበት?» ብላ ጠየቀቻት። ልጆች ክርክራችንን አይሰሙም ብለን ብናስብ እንኳ፥ ብርዱን ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ፥ በደብረ ዘይት ሰሞን፥ አንድ ሌሊት ከወዲያኛው ቤት የጠብ ድምፅ ተሰማ። የባልየው ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሚስቲቱም ታለቅስ ነበር። ባልየው ከተለየበት ክፍል ወጣ፤ ሚስቱንም ቆማ ስታዳምጥ አገኛት። «ሰማሽ?» አላት። «ሰማሁ» አለችው። ሁለቱም ፈገግ አሉ። ለወራት አብረው ያልተቀመጡት ሰዎች ሻይ አፍልተው እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሲጫወቱ አመሹ። የጨዋታቸው ርእስ ግን የጎረቤቶቻቸው ግብዝነት ነበር። በነጋታው የሚያወሩት ነገር ስላለቀ፥ ቤቱ ወደ ቀድሞው ዝምታ ተመለሰ።

ሚስቲቱ ይህ ነገር ከልቧ ስላልጠፋ ባልዋን ለምና አብረው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ፤ የሆነውንም ሁሉ ነገሯቸው። ካህኑ አስቀድመው ስለ ዘንቢሉም፥ ስለ ራቱም፥ ስለ አቤቱታውም አልጠየቁም። «ልጆቼ» አሏቸው፤ «ያን ሌሊት ያስማማችሁ ምንድር ነው? የሰው እንባ አይደለምን? እነርሱ ደስ ሲላቸው ተጣላችሁ፤ እነርሱ ሲያለቅሱ ታረቃችሁ። እንግዲህ የእናንተ ትዳር የሚኖረው በማን ቤት ነው?»

ክቡራን አንባቢዎች፤ ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም መልስ ብንፈልግለት የተገባ ነው።

ከሁሉ በፊት፥ የእነዚህን ሰዎች ትዳር ያናጋው ጎረቤት አለመሆኑን ልብ እንበል። ራቱ ለየብቻ የሚበላው፥ እሑድም በየራሳቸው የሚሄዱት ጎረቤቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። ጨለማ በነበረ ክፍል ውስጥ መስኮት ሲከፈት የሚታየውን አቧራ ያመጣው ብርሃኑ አይደለም። እንዲህ ከሆነ የጎረቤት መልካምነት ሲያስቈጣን፥ «እነርሱ ለምን እንዲህ ሆኑ?» ከማለት ይልቅ «በእኛ ቤት የጠፋው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ጥያቄው የሚያሳፍር ይመስላል፤ የሚያድን ግን እርሱ ነው።

ሁለተኛም፥ ማስተያየት ራሱ ሚዛኑ የተዛባ መሆኑን እንወቅ። የጎረቤታችንን ቤት የምናየው ከደረጃው ላይ ነው፤ የራሳችንን የምናየው ግን ከማድቤቱ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የልያንና የራሔልን ታሪክ እናስታውስ። ሁለቱ እኅትማማቾች የላባ ልጆች፥ የያዕቆብም ሚስቶች ነበሩ። ልያ ልጆች ወለደች፤ ነገር ግን የባልዋን ፍቅር ትናፍቅ ነበር። ራሔል ተወደደች፤ ነገር ግን ልጅ አጥታ በእኅቷ ቀናች። ልያ ስታያት ራሔል የጎደላት የለም፤ ራሔልም ስታያት ልያ የጎደላት የለም። ራሔል ምሬቷን በባልዋ ላይ በተናገረች ጊዜ፥ አብዝቶ የሚወዳት ያዕቆብ እንኳ ተቈጣባት። እኅትማማቾች በአንድ ቤት እየኖሩ እንዲህ ከተሳሳቱ፥ በግድግዳ ማዶ ያለውን ሰው ኑሮ አውቀነዋል ማለት እንዴት ይቻላል?

ይህ ፈተና በኮንዶሚኒየም የተጀመረ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ ካህን የነበረው፥ ኋላም የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት የሆነው ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ፥ የኤፌሶንን መልእክት በተረጐመበት ስብከቱ ይህንኑ ነገር አንሥቷል። ሚስት ባልዋን ሰነፍ ነህ እያለች፥ እገሌ የተባለው ዝቅተኛ ሰው በባሕር ነግዶ ባለጸጋ ሆነ፥ ሚስቱም ጌጥ አድርጋ በነጫጭ በቅሎ ትሄዳለች እያለች እንዳትነቅፈው ይመክራል። በቅሎው በመኪና ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ይኸው ሊቅ በዚያው ስብከት ለባልም ሚስቱን በፍቅር ቃል እንዲጠራት፥ ከእርሷም ጋር መሆንን በአደባባይ ከመዋል እንዲያስበልጥ ያስተምራል፤ ቤታችንም ታናሽ ቤተ ክርስቲያን ሊሆን እንደሚገባው ይነግረናል። ምክሩ ለሁለቱም መሆኑን አንርሳ። ሚስት የሰውን ባል እንዳታነሣ የሚፈልግ ባል፥ የሚያስነሣትን ጉድለት ማስወገድ አለበት።

ሦስተኛም፥ ከዐሠርቱ ትእዛዛት የመጨረሻው የባልንጀራችንን ቤትና የባልንጀራችንን ሚስት እንዳንመኝ ማዘዙን እናውቃለን። መልካም ትዳርን መመኘት ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም ጸሎት ሊሆን ይችላል። ልብ «እንዲህ ያለ ፍቅር በቤቴ ቢኖር» ከማለት ተነሥቶ «ያ ሰው የእኔ ቢሆን» ወደ ማለት ሲሻገር ግን ከትእዛዙ ወጥቷል። መንገዱም አጭር ነው። የዘንቢል አያያዙን ማድነቅ፥ ከዚያም ገመናን ለእርሱ ማጫወት፥ ከዚያም የራስን ትዳር በእርሱ ፊት ማማት ይከተላል። ስለዚህ የትዳርን ቅሬታ ለጎረቤት ባል ወይም ለጎረቤት ሚስት በምሥጢር መንገር፥ ልብ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፥ የሚያስጠነቅቅ ነገር ነው።

አራተኛው ነገር ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው፤ ይኸውም የጎረቤትን ውድቀት አይቶ መጽናናት ነው። እነዚያ ባልና ሚስት ያን ሌሊት ያገኙት ዕረፍት እውነተኛ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን የሌላው ቤት መጨለም የእኛን ቤት አያበራም። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደ ተባለ፥ የሰው ጕድፍም አያነጻም። ደግሞም አንዲት ሴት በግድግዳው ማዶ እያለቀሰች ሳለ «ምን ሆነሻል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በሰው ደስታ መቅናትና በሰው ኀዘን መደሰት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን የራስን ቤት ላለማየት የተፈለጉ መሸሸጊያዎች ናቸው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የንስሐ አባታቸው ሁለት ነገር አዘዟቸው። የመጀመሪያው፥ እስከ ትንሣኤ ድረስ በክርክራቸው ውስጥ የጎረቤትን ስም እንዳያነሡ፥ የፈለጉትንም ነገር «እኔ» ብለው እንዲናገሩ ነው። ሁለተኛው፥ ከጸሎት በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ከአንድ ማዕድ እንዲበሉ ነው። ሲሰሙት የቀለለ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን እጅግ ከበዳቸው። የጎረቤት ስም ሲወገድ የሚናገሩት ነገር ጠፋባቸው። በመጨረሻ ሚስቲቱ፥ «እኔ ደክሞኛል፤ ደግሞም ብቻዬን ነኝ» አለች። ባልየውም ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «እኔም ወደ ቤት ስመጣ የምፈለግ አይመስለኝም፤ የማመሸውም ስለዚህ ነው» አላት። በ11 ዓመት ውስጥ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጋገሩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሚስቲቱ ቆሎና ቡና ይዛ የጎረቤትን በር አንኳኳች። ልትመረምር አልሄደችም፤ ልትጠይቅ ሄደች እንጂ። ጎረቤቲቱም ቡናው እስኪፈላ ድረስ ታግሣ፥ ከዚያ እንባዋ መጣ። ባልዋ ከሥራ ከተሰናበተ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። «እትዬ፥ ሰው ሁሉ እንደ እናንተ ያለ ትዳር ይስጠን ይለናል፤ ስለዚህ ችግራችንን የምንነግረው ሰው አጣን» አለቻት። እንግዲህ ግብዞች አልነበሩም፤ ሳቃቸውም ጸሎታቸውም እውነተኛ ነበር፤ ጭንቀታቸውም እንዲሁ። ሰውን ፍጹም ነህ እያሉ ማመስገን ሸክም ሊሆንበት እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ባልና ሚስቱ ዛሬ ከጠብ ሁሉ ነጻ ወጡ አንልም፤ እንዲህ ያለ ቤት በምሳሌም ቢሆን አናውቅም። ባልየው አንዳንድ ቀን ያመሻል፤ ሚስቲቱም አንዳንድ ቀን ትመራለች። አቤቱታው ግን ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ልጃቸውም የቤት ሥራዋን በገዛ ቤቷ ትሠራለች።

በዚህ ላይ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ምክር እንጨምር። በመጀመሪያ፥ ቅሬታችሁን ከሰው ጋር ሳታስተያዩ ተናገሩ። «እርሱ እንዲህ ያደርጋል» የሚል ቃል ባልን ለክርክር ያስታጥቀዋል፤ «ይህን ብታደርግልኝ ደስ ይለኛል» የሚል ቃል ግን በር ይከፍታል። ለባልም እንዲሁ ነው። ከዚህም ጋር፥ በጎረቤት ያያችሁትን መልካም ነገር ከትዳር ጓደኛችሁ ከመጠየቃችሁ አስቀድሞ ራሳችሁ ጀምሩት፤ በር ድረስ ወጥታችሁ ተቀበሉ፥ ዘንቢሉንም ተቀበሉ።

ሌላው፥ ነገር ሳይከር ወደ ንስሐ አባትና ወደ ታመኑ ሽማግሌዎች ሂዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ጉዳይ አስቀድሞ በቤተ ዘመድ ሽምግልና እንዲታይ ያዝዝ ነበር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት፥ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 213 የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቷል፤ ዳሩ ግን ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲነጋገሩ፥ እንዲሁም ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲያገኙ መንገድ ትቷል። የአገር ሕግ እንኳ ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ፥ በእግዚአብሔር ፊት ቃል ኪዳን የገባን ክርስቲያኖች ለገዛ ቤታችን ይህን ያህል ትዕግሥት መንፈግ የለብንም።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጥ እንናገራለን። ይህ ምክራችን ፍቅሩ ለቀዘቀዘ ትዳር ነው። ዱላ፥ ዛቻና ማዋረድ ባለበት ቤት ያለ ሰው ታገሥ ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ራሱንና ልጆቹን ማዳን ይገባዋል። ካህኑም፥ ሽማግሌውም፥ ጎረቤቱም፥ ሕጉም ሊደርሱለት ግዴታ አለባቸው። በግድግዳ ማዶ እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ጎረቤት ዝም ማለቱ ጨዋነት አይባልለትም።

ጋብቻ ከ7ቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። በሥርዓተ ተክሊል ጊዜ ቀለበቱ ለሁለቱም ይደረጋል፤ አክሊሉም በሁለቱም ራስ ላይ ይደፋል፤ ከአንዱ ቅዱስ ቍርባንም ሁለቱ ይቀበላሉ። በዚያ ሰዓት ማንም ሙሽራ የጎረቤቱን አክሊል አሻግሮ አይመለከትም። ለእያንዳንዱ ቤት የተሰጠው አክሊል የራሱ ነውና፥ በሰው ራስ ላይ ያለውን እያየን በእኛ ራስ ላይ ያለው እንዳይወድቅ እንጠንቀቅ። ለጎረቤቶቻችን ደስታ እናመስግን፤ ለኀዘናቸው በራቸውን እናንኳኳ፤ ማታ ደግሞ በራችንን ዘግተን ከገዛ ማዕዳችን አብረን እንቅረብ።

እግዚአብሔር አምላክ የተጋቡትን በፍቅር ያጽናልን፤ የተለያዩትን ያስታርቅልን፤ ልጆቻችንንም በሰላም ቤት ያሳድግልን። አሜን።